የፔሪስ ሜዳና የአብራሪዋ ካርድ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን ለዕረፍት በተዘጋ ጊዜ፣ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ በምትኖረው አክስቴ ዘንድ ጥቂት ሳምንታት ለመቀመጥ ዕድል አጋጥሞኝ ነበር። ቤቷ ከፌርፋክስ ጐዳና ብዙ አይርቅም። ይህ ጐዳና የወገኖቻችን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የተደረደሩበት ስለ ሆነ የከተማው ምክር ቤት በ2002 ዓ.ም. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሰፈር እንጀራው፣ ቡናው፣ ወሬውም ጭምር የአገር ቤት ስለ ሆነ እንግዳው ውቅያኖስ ተሻግሮ መምጣቱን ለመርሳት ይቃረባል።

አንድ ማታ አክስቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህ ልጅ ከአይሮፕላን ላይ ሊዘል ነው፤ ገንዘቡንም ከፍሎ ጨርሷል። እኔ ስናገረው ይስቅብኛል። አንተ መምህር ነህ፣ የአንተን ቃል ይሰማ ይሆናል። አደራህን፣ አስጥልልኝ» አለችኝ። የምትለው ስለ አንድ ልጇ ነው። ዕድሜው ሃያ ሦስት ሲሆን በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሯል። እኔም የቻልኩትን ያህል መከርኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝና ስጨርስ፣ «የምትነቅፈው ያላየኸውን ነገር ነው። ቅዳሜ አብረኸኝ ና። ካየህ በኋላ ተው ካልከኝ እተዋለሁ» አለኝ። እንዲህ ያለ ፍርድ በእጄ መውደቁ አላስደሰተኝም፤ ግን እምቢ ማለትም አልቻልኩም። ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን።

ፔሪስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ላይ የሚገኝ ከተማ ነው። ስሙን ያገኘው በ1880ዎቹ ዓመታት በዚያ በኩል ያለፈውን የባቡር ሐዲድ ካዘረጋው መሐንዲስ ከፍሬድ ፔሪስ ነው፤ ዛሬም የጥንት ባቡሮችን ሰብስቦ የሚያሳይ ቤተ መዘክር አለው። አዲስ አበባ በዝናብና በጭቃ በምትውልበት በሐምሌ ወር የፔሪስ ኮረብቶች ሣራቸው በፀሐይ ነድዶ የአንበሳ ጠጕር መስለዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የአይሮፕላን ሜዳው በከተማው ዳር ተዘርግቶ ይታያል፤ በአሜሪካ ከታወቁት የሰማይ ዘላዮች መናኸሪያዎችም አንዱ ነው።

እኔ አስፈሪ ቦታ ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን የሽርሽር ቦታ ነው። ምግብ ቤት አለ፤ የመዋኛ ገንዳም አለ፤ ሕፃናት ውሃ ውስጥ ይንጫጫሉ። ወንዱም ሴቱም ጃንጥላውን በጥላ ሥር ዘርግቶ፣ እናቶቻችን ነጠላ እንደሚያጥፉ፣ ጫፉን ከጫፉ እያገናኘ ያጥፋል። በየጊዜው ሃያ ያህል ሰዎች በጀርባቸው ተሸክመው ወደ አይሮፕላኑ ይሄዳሉ። አይሮፕላኑ ተነሥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ጐብኚው አንገቱን ሲያቀና ጥቃቅን ነጥቦች ይመለከታል፤ ቀጥሎም ነጥቦቹ እንደ አበባ ይፈካሉ። ዘላዩ ከሜዳው በላይ ከ12,500 ጫማ፣ ማለትም ከ3,800 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል፤ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወድቅና ጃንጥላውን ይከፍታል። አይሮፕላኑ ደግሞ ባዶውን ተምዘግዝጎ አንዳንድ ጊዜ ከተሳፋሪዎቹ ቀድሞ ያርፋል።

የአክስቴ ፍርሃት ጃንጥላው አይከፈት ይሆናል የሚል ነበር፤ የእኔም ከዚህ አያልፍም። አይሮፕላኑን ከሁለታችን ያሰበው አልነበረም። ነገር ግን የአሜሪካ የመጓጓዣ ደኅንነት ቦርድ በ2008 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ ዘላዮችን በሚያወጡ አይሮፕላኖች ላይ 32 አደጋዎች ደርሰው 172 ሰዎች መሞታቸውን ገልጧል። አብዛኞቹ ሟቾች ጃንጥላቸውን በጀርባቸው እንደ ተሸከሙ የሞቱ ዘላዮች ናቸው። ቦርዱ ለአደጋዎቹ ምክንያት ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል የጥገና ጉድለት፣ ከመነሣት በፊት አይሮፕላኑን በሚገባ አለመመርመርና ክብደትን በትክክል አለማስላት ይገኙበታል። እነዚህ ሁሉ ገና ማንም ሳይዘል፣ በመሬት ላይ የሚፈጸሙ ስሕተቶች ናቸው።

በቀትር አይሮፕላኑ ነዳጅ ለመቅዳት በቆመ ጊዜ አብራሪዋን ለማነጋገር ቻልኩ። አዎን፣ አብራሪዋ ሴት ናት፤ ዕድሜዋም ከእኔ ብዙ አይበልጥም። መምህር መሆኔንና ስለ ሥራዋ ለመጻፍ ማሰቤን ስነግራት፣ በክንፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ሳንድዊቿን እየበላች ያለ ኩራት አጫወተችኝ። ሥራውን የጀመረችው በትንሿ ባለ አንድ ሞተር ሴስና ሲሆን፣ በዚያች አይሮፕላን ከአብራሪው በቀር ወንበር ስለማይኖር አራት ዘላዮች ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ ወጣት አብራሪዎች ይህን ሥራ የሚይዙት የበረራ ሰዓታቸውን ለማብዛት ነው፤ በአሜሪካ ወደ አየር መንገድ ለመግባት በአብዛኛው 1,500 ሰዓት ይጠየቃልና። አሁን የምታበረው ግን ትዊን ኦተር የሚባለውን ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ነው። የካናዳው ደ ሃቪላንድ የሠራው ይህ አይሮፕላን በአጭር ሜዳ የሚነሣ በመሆኑ የእኛም አየር መንገድ በአንድ ወቅት ለውስጥ በረራ ይጠቀምበት ነበር።

«ከሁሉ አስቀድሞ ምን ይሠራሉ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ነዳጁን አያለሁ» አለችኝ።

ከታንኩ ሥር ካለችው ትንሽ መክፈቻ ጥቂት ነዳጅ በጠርሙስ ቀድታ ወደ ብርሃን ታነሣዋለች። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ፣ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አፕሪል 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ከዚሁ ከፔሪስ ሜዳ አንድ ትዊን ኦተር 22 ሰዎች ይዞ ተነሣ። ነዳጁ ውሃ ገብቶበት ነበርና ከመሬት እንደ ተላቀቀ አንደኛው ሞተር ኀይል አጣ። እንዲህ ባለ ጊዜ የአብራሪው ሥራ የደከመውን ሞተር ውልብልቢት ነፋሱን እንዳይገታ አዙሮ፣ በደኅናው ሞተር መብረር ነው። በዚያች አስጨናቂ ቅጽበት ግን ተሳስተው ያዞሩት የደኅናውን ሆነ። አይሮፕላኑ ወደቀ፤ ሁለቱ አብራሪዎችና 14 ዘላዮች ሞቱ። ከተረፉት አንዱ ዳን ብሮድስኪ-ቼንፌልድ አንገቱ ተሰብሮ ለብዙ ጊዜ ራሱን ስቶ ከቆየ በኋላ ድኖ፣ እንደገና ዘሎ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል።

ከዚያ አደጋ በፊት ብዙ ዘላዮች ቀበቶ የማሰር ልማድ አልነበራቸውም። አይሮፕላን በድንገት ሲገታ ያልታሰረ ሰው ራሱን ብቻ አይጐዳም፤ ከፊቱ በተቀመጠው ላይ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ዛሬ ደንቡ ግልጥ ነው፤ አይሮፕላኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሁሉም ይታሰራል፤ 1,500 ጫማ ያህል ከፍታ እስኪደርስና አብራሪው እስኪፈቅድ ድረስም አይፈታም።

ከነዳጁ ቀጥሎ ክብደቱ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ክብደት ከነጃንጥላው ይመዘገባል፤ ድምሩም አይሮፕላኑ ሊሸከም ከተፈቀደለት ጋር ይተያያል። የቀኑ ሙቀትም ከሒሳቡ ይገባል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ክንፍን በደንብ አይሸከምም፤ ለሞተርም አይበቃውም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከተሠራው ከቦሌ ሜዳ የሚነሡ አብራሪዎች ይህን ትምህርት ዕለት ዕለት ያውቁታል።

ሆኖም ክብደቱ ልክ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የት እንደ ተቀመጠም መታወቅ አለበት። አጋሰስ የጫነ ሰው ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ከብቱ አቀበት ላይ እንደሚቸገር ያውቃል። በሌላ በረራ ተሳፋሪ በቦታው ተቀምጦ ይቈያል፤ የሰማይ ዘላዮች ግን መውጫቸው ሲደርስ ሁሉም ተነሥተው ወደ ኋለኛው በር ይጐርፋሉ። ጅራቱ ይከብዳል፤ አፍንጫው ይቀናል፤ ፍጥነቱ ካነሰ ደግሞ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። ጁላይ 14 ቀን 2019 ዓ.ም. በስዊድን በኡሜዮ ከተማ አጠገብ አንድ ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ወደ አራት ሺህ ሜትር ከወጣ በኋላ ከቍጥጥር ውጪ ሆኖ በአየር ላይ ተሰባበረ። በውስጡ የነበሩት 9 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። መርማሪዎቹ ካገኟቸው ምክንያቶች ውስጥ የፍጥነቱ ማነስ፣ የጭነቱ ወደ ኋላ መክበድና በደመና መካከል በአብራሪው ላይ የበዛው የሥራ ጫና ይገኛሉ። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ሊቆም እንደሚችል አስቀድሞ ተወስኗል፤ አብራሪውም እስከ መጨረሻው ዘላይ ድረስ ዐይኑን ከፍጥነቱ መለኪያ አያነሣም።

በር ሲከፈት ሌላ ስጋት ይመጣል። ትልቁን ጃንጥላ ስባ የምታወጣው ምጣድ የምታህል ትንሽ ጨርቅ ናት። ይህች ጨርቅ በቸልታ ተፈትታ ነፋስ በበሩ ቢያወጣት፣ ባለቤቷ ሳይወድ በግድ ወዲያው ተከትሏት መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ጃንጥላው በጅራቱ ላይ ይጠመጠምና ሁሉንም ያጠፋል። ስለዚህ ዘላዮቹ በአይሮፕላኑ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ መያዣዎቻቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነው።

አብራሪው የሚጠብቀው በውስጥ ያሉትን ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ዘላዮቹ ከመውጣታቸው ቢያንስ 5 ደቂቃ በፊት ከአየር ተቈጣጣሪዎች ጋር በራዲዮ መነጋገር አለበት፤ በዚያ ሰማይ ሌላም መንገደኛ አለና። በደመና ውስጥ ዘላይ መልቀቅ ክልክል ነው። ይህ ቢጣስ ዘላዩም አብራሪውም ተጠያቂዎች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ማሳበብ አይችልም። ቦታው ሲደርስ አይሮፕላኑን ወደ ነፋሱ ፊት መልሳ ሞተሩን ታለዝበዋለች፤ ቀይ መብራት ሲበራ በሩ ይከፈታል፤ አረንጓዴው ሲበራ ይወጣሉ። ስትወርድም ጃንጥላዎቹ ወዳሉበት ወገን አትጠጋም።

«ሞተር ቢጠፋስ?» አልኳት።

«የሚደረገው በከፍታው ይወሰናል። ዝቅ ብለን ከሆነ ማንም አይወጣም፤ አብረን እናርፋለን። ከፍ ብለን ከሆነ እነርሱ ይወጣሉ፤ እኔ አይሮፕላኑን አወርዳለሁ። ይህን በመሬት ላይ ሳለን እንነጋገራለን እንጂ ያን ጊዜ ምክር አንይዝም።»

በብዙ ሜዳዎች አብራሪዎችም የራሳቸውን ጃንጥላ ይለብሳሉ። ጥቅሙ በኖቬምበር 2013 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ግዛት በሱፒሪየር ከተማ ላይ ታይቷል። ሁለት ትናንሽ ሴስናዎች ተጠጋግተው ሲበሩ ዘላዮቹ ሊወጡ ባሉበት ሰዓት ተጋጩ። ዘጠኙ ዘላዮች በጃንጥላቸው ወረዱ፤ ክንፉ የተሰበረበት አይሮፕላን አብራሪም በራሱ ጃንጥላ ዳነ፤ ሌላው የተጐዳውን አይሮፕላኑን ይዞ አረፈ። ከአሥራ አንዱ ሰዎች አንድም አልሞተም።

ይህን ሁሉ ስታጫውተኝ ከሸሚዟ ኪስ ውስጥ ብቅ ያለች ካርድ አየሁ። ጠርዟ ተልጧል፤ በላብና በዘይት ወይባለች። ከመነሣት በፊት የሚደረገው ሁሉ ተራ በተራ ተጽፎባታል። «ያን ዕለት ስንተኛ በረራዋ ነው?» ብዬ ብጠይቃት ስምንተኛ ነው አለችኝ።

«ታዲያ እስካሁን በቃል አላጠኑትም?»

«አጥንቼዋለሁ። የማነበውም ስለዚሁ ነው» አለችኝና፣ በስዊድን አገር በኦሬብሩ የሆነውን ነገረችኝ። ጁላይ 8 ቀን 2021 ዓ.ም. ዘላዮችን ሲያመላልስ የነበረ አንድ አይሮፕላን እንደገና ተነሣ። የአይሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያዘነብል ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ለማረፍ በአንድ ዐይነት፣ ለመነሣት በሌላ ዐይነት ይስተካከላል። በዚያ በረራ መሣሪያው ለማረፊያ እንደ ተስተካከለ ቀርቶ ነበር። አይሮፕላኑ አፍንጫውን ሰቅሎ ተነሣ፤ አብራሪው ሊመልሰው አልቻለም፤ 9 ሰዎች ሞቱ። «መሣሪያውን ማስተካከል ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። በመጀመሪያው በረራ አይረሳም። የሚረሳው ሲደጋገም ነው» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስትል እኔ ዐይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። ምክንያቱን ልናገር። በማስተምርበት ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመቴ አርባ አንድ ተማሪዎች ይዤ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄጄ ነበር። ስንሳፈር ስማቸውን እየጠራሁ ቈጠርኩ፤ ለምሳ ስንቆም ቈጠርኩ፤ ከገደሉ አፋፍ ስንመለስም ቈጠርኩ። ማታ ወደ አዲስ አበባ ልንነሣ ስንል ግን ደክሞኝ ነበርና ከአውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ «ሁላችሁም አላችሁ?» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አለን!» አሉ። አንዱ ግን አልነበረም፤ የሌለ ልጅ ደግሞ የለሁም ብሎ አይመልስም። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ የጓደኛው ቦታ ባዶ መሆኑን ያየ ልጅ ነገረኝ። ስንመለስ ሌሊት ሆኖ ነበር። ልጁን አንድ ገበሬ ቤቱ አስገብተው፣ ቈሎ አቅርበውለት፣ እሳት ዳር ተቀምጦ አገኘነው። እርሱ ምንም አልሆነም። እኔ ግን የዚያችን ሌሊት መንገድ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስም ዝርዝሩ በኪሴ ነበረ፤ ያላወጣሁት ልጆቹን ሁሉ ስለማውቃቸው ነው።

የአክስቴ ልጅ ተራው ሲደርስ መጥቶ ከፊቴ ቆመና «ምን ፈረድክ?» አለኝ። አደጋ የለውም ልለው አልቻልኩም፤ አደጋ አለውና። ካርዷን ግን አይቻለሁ። «ሂድ፤ ያሉህን ሁሉ አድርግ» አልኩት። እርሱም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚዘል ሁሉ ከአንድ አስተማሪ ጋር ተጣምሮ የሚወርድ ነው።

አይሮፕላኑ ወደ ሜዳው ጫፍ ሄዶ ለመነሣት ዞረ። ከዚያ ግን ቆመ። አንድ ደቂቃ ሆነ፤ ሁለት፤ ሦስት። ልቤ መምታት ጀመረ። የአክስቴ ፊት መጣብኝ። በመጨረሻ ሞተሮቹ ጮኹና ተነሣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የአክስቴ ልጅ ፊቱ በነፋስ ቀልቶ፣ እየሳቀ፣ እግሩ አቧራ ለብሶ ወደ እኔ መጣ። አቅፌው ሳበቃ ለምን እንደ ቆሙ ጠየቅሁት። ሳቁን ተወና አንገቱን ሰበረ።

«እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው። ቀበቶው ወገቤን ስለ ያዘኝ አላላሁት፤ ከዚያም ፈታሁት። አስተማሪዬ አይቶ ተናገረ። አብራሪዋ ሞተሩን አለዝባ እስክታሰር ጠበቀች። ከታሰርኩም በኋላ ካርዱን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ እንደገና አነበበች። ሃያ ሰው በዚያ ሙቀት አንጐራጐረ።»

«እርሷስ ተቈጣችህ?»

«አልተቈጣችኝም። ፊቷንም አላዞረች። ጠበቀች ብቻ።»

እኛ ወጣት መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ዝርዝር መሙላትን፣ መቍጠርንና መፈረምን የአእምሮ ሥራ አድርገን አናየውም። የተማርነው ከዚህ ለሚበልጥ ነገር ይመስለናል። በፔሪስ ሜዳ ያየኋት ሴት ግን ሃያ ሰው እያጕረመረመባት፣ ሁሉንም በቃሏ እያወቀች፣ ጽሑፉን ከመጀመሪያው መስመር አነበበች። በዚያ ሰዓት ከአይሮፕላኑ ውስጥ የአንዲት እናት ብቸኛ ልጅ መኖሩን አታውቅም ነበር፤ ማወቅም አላስፈለጋትም።

ማታ ቤት ስንገባ አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ልጇን ከራሱ እስከ እግሩ ዳበሰችውና ወደ እኔ ዞራ «አላስጣልከውም?» አለችኝ። አላስጣልኩትም አልኳት፤ የሆነውንም ሁሉ፣ የቀበቶውን ነገር ሳልደብቅ፣ ነገርኳት። አክስቴ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ቡናውን እየቀዳች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች። ለልጇም ለእኔም በአንድ ጊዜ የተናገረች መሰለኝ። እኔም ሲኒውን ተቀበልኩና፣ ስለ ደብረ ሊባኖሱ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዘመድ አወራሁ።